በማሳይ ማራ አነስተኛ የድንኳን ካምፕ ለማረፍ፦ ከምርጫው እስከ መልስ በረራው

በኬንያ ያለው የዱር አራዊት ክልል ማሳይ ማራ ለአዲስ አበባ ሰው ቅርብ ነው። ከቦሌ እስከ ናይሮቢ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ፣ ከናይሮቢ ደግሞ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ዘመድ ለመጠየቅ አገር ቤት የገባ ሰውም ከዕረፍቱ አራት አምስት ቀን ቀንሶ ደርሶ መመለስ ይችላል። ቅርብ ነው ብሎ ሳይዘጋጁ መነሳት ግን ብዙ ያስከፍላል። ስድስት ወይም ስምንት ድንኳን ብቻ ያለው የቅንጦት ካምፕ እንደ ከተማ ሆቴል ደርሰው ክፍል የሚጠይቁበት ቤት አይደለም። ምግቡ ከሩቅ ተጭኖ ይመጣል፣ መብራቱ ከፀሐይ ኃይል ነው፣ የመታጠቢያው ውሃ ብዙ ጊዜ በእንጨት እሳት ይሞቃል። አስቀድመው ያልተናገሩት ነገር እዚያ ከደረሱ በኋላ በቀላሉ አይገኝም።

ብዙ ሰው ካምፕ ሲመርጥ የአልጋውንና የገንዳውን ፎቶ ያወዳድራል። እኔ ሌላ ነገር እንዲያዩ እመክራለሁ። በዚህ ዋጋ ያሉ ካምፖች አልጋቸው ሁሉ ጥሩ ነው፤ ቆይታውን ከቆይታ የሚለየው ካምፑ የቆመበት መሬትና መኪናውን የሚያሽከረክረው አስጎብኚ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር ሁሉ ከዚህ እምነት የተነሳ ነው።

መጀመሪያ መሬቱን ይምረጡ

ማራ ሲባል ሁለት ዓይነት መሬት አለ። አንደኛው በናሮክ ካውንቲ ሥር ያለው ዋናው ጥብቅ ክልል ነው፤ ስፋቱ 1,510 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን በደቡብ ከታንዛኒያው ሰረንጌቲ ጋር ይዋሰናል። ሁለተኛው በዚህ ክልል ሰሜንና ምሥራቅ ዙሪያውን ያሉት፣ ኮንሰርቫንሲ የሚባሉት ጥብቅ ቦታዎች ናቸው፦ ማራ ኖርዝ፣ ናቦይሾ፣ ኦላሬ ሞቶሮጊ፣ ኦል ኪንዬይ፣ ሌመክና ሌሎችም። እነዚህ የአካባቢው ከብት አርቢ ሕዝብ የሆኑት የማሳይ ቤተሰቦች የግል ይዞታ ናቸው። ባለመሬቶቹ መሬታቸውን አንድ ላይ አድርገው ለካምፖች ያከራያሉ፣ በየጊዜውም ኪራይ ይቀበላሉ። መሬቱ ሳይታጠርና ሳይታረስ ለአውሬውም ለከብቱም ክፍት ሆኖ የቆየው በዚህ ውል ነው።

ለእንግዳው ልዩነቱ ትልቅ ነው። በዋናው ክልል ውስጥ መኪና ከመንገድ መውጣት አይፈቀድለትም፣ ሲመሽም ወደ ካምፕ መመለስ ግዴታ ነው፣ በእግር መጓዝም ክልክል ነው። በኮንሰርቫንሲ ግን የማታ ጉብኝት፣ የእግር ጉዞና በጥንቃቄ ከመንገድ መውጣት ይቻላል። የድንኳኑም የመኪናውም ቁጥር ስለሚገደብ አንድ አንበሳን የከበበ የመኪና ሰልፍ እምብዛም አያጋጥምም። በኮንሰርቫንሲ ያረፈ እንግዳ ተጨማሪ መግቢያ ከፍሎ ዋናውን ክልል ማየት ይችላል፤ በዋናው ክልል ያረፈ ግን ወደ ኮንሰርቫንሲ አይገባም።

ሦስት ሌሊት ካለዎት ሦስቱንም በኮንሰርቫንሲ ያድርጉና አንዱን ቀን ሙሉውን ለዋናው ክልል ይስጡት። ወንዝ የሚሻገረውን የዊልደቢስት (ትልቅ ቀንዳም ሣር በል እንስሳ) መንጋ ማየት ብቻ ከሆነ ዓላማዎ፣ በማራ ወንዝ አቅራቢያ ወይም ከወንዙ ምዕራብ ባለው ማራ ትራያንግል ማረፍ ይሻላል፤ ከሩቅ ኮንሰርቫንሲ ወንዙ ድረስ ሄዶ መመለስ ግማሽ ቀን ይበላል።

ከሦስት ሌሊት በታች አይያዙ። የመጀመሪያው ቀን በመንገድ፣ የመጨረሻው በመመለስ ያልቃል፤ ሁለት ሌሊት ማለት በትክክል አንድ ሙሉ ቀን ማለት ነው።

ወቅቱና ዋጋው

ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሚሆነው የዊልደቢስት መንጋ፣ ከሜዳ አህያውና ከሚዳቋው ጋር፣ ከሰረንጌቲ ወደ ማራ የሚደርሰው ባብዛኛው ከሐምሌ አጋማሽ በኋላ ነው፤ እስከ ጥቅምት ድረስም ይቆያል። በዚህ ጊዜ ዋጋው ይንራል፣ አነስተኛ ካምፕ ውስጥ ቦታ ለማግኘትም ከብዙ ወራት በፊት መያዝ ያስፈልጋል። ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ያን ጊዜ ጥቁሩ መሬት ጭቃ ይሆንና መኪና ይውጣል፤ አንዳንድ ካምፖችም በሚያዝያና በግንቦት ይዘጋሉ። በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር አጭር ዝናብ አለ።

እኔ የምወደው ከጥር እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ነው። ሣሩ አጭር፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ የማራ አንበሶች፣ አቦሸማኔዎችና ዝሆኖች ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ናቸው። የዋናው ክልል መግቢያም በዚህ ጊዜ ግማሽ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ የውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ ከጥር እስከ ሰኔ ባሉት የፈረንጅ ወራት በቀን 100 ዶላር፣ ከሐምሌ እስከ ታኅሣሥ 200 ዶላር ይከፍላል። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች፣ ለማኅበረሰቡ ዜጎች የተቀመጠው ዝቅተኛ ዋጋ እኛን አይመለከትም።

የካምፑ ዋጋ ሰፊ ልዩነት አለው። በደህናው አነስተኛ ካምፕ አንድ ሰው ለአንድ ሌሊት ከ500 ዶላር ጀምሮ ከ1,000 ዶላር በላይ ይከፍላል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ውስጡ ያለውን ሲያዩ ግን አልጋ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዎታል። ብዙውን ጊዜ ሦስቱ ምግብ፣ መጠጡ፣ በቀን ሁለቴ የመኪና ጉብኝቱ፣ የልብስ አጠባውና ከአውሮፕላን ማረፊያው መቀበሉ አብረው ይታሰባሉ። የማይታሰቡት የአገር ውስጥ በረራው፣ ብዙ ጊዜም የክልሉ መግቢያ፣ ጉርሻውና በሙቅ አየር ፊኛ የሚደረገው በረራ ናቸው።

ከመክፈልዎ በፊት

ለካምፑ ወይም ለአስጎብኚ ድርጅቱ አንድ መልእክት ይላኩና የሚከተሉትን በግልጽ ይጠይቁ። ካምፑ በየትኛው ኮንሰርቫንሲ ላይ ነው? ስንት ድንኳን አለው? የመግቢያ ክፍያው በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻ? በአንድ መኪና ቢበዛ ስንት ሰው ይቀመጣል? ከማናውቃቸው እንግዶች ጋር እንጋራለን ወይስ ለብቻችን ይሰጠናል? መኪናውን ለብቻ ለመያዝ ጭማሪው ስንት ነው? ልጆች ካሉ ከስንት ዓመት ጀምሮ ትቀበላላችሁ?

አስጎብኚውን በተመለከተ ደግሞ ደረጃውን ይጠይቁ። የኬንያ ሙያዊ የሳፋሪ አስጎብኚዎች ማኅበር በፈተና ነሐስ፣ ብርና ወርቅ የሚል ደረጃ ይሰጣል። ብር ያለው አስጎብኚ ዓመታት የሠራና ስለ ወፉም ስለ ዕፁም የተፈተነ ሰው ነው። ካምፑ ይህን ጥያቄ በደስታ ከመለሰ ጥሩ ምልክት ነው፤ ከሸሸው ሌላ ይፈልጉ።

አንድ ቤተሰብ ከሆናችሁ፣ በተለይ እናት አባት ወይም ትንንሽ ልጆች ካሉ፣ መኪና ለብቻ መያዝ ከሰፊ ድንኳን ይልቅ ገንዘቡ የሚገባው ነገር ነው። አባባ ሲደክማቸው መመለስ ትችላላችሁ፣ እማማ ወፍ ማየት ከፈለጉ የሚቸኩል እንግዳ የለም። ለአረጋውያን ከመመገቢያው ድንኳን ቅርብ የሆነ ማደሪያ አስቀድሞ ይጠየቅላቸው፤ በካምፑ ውስጥ ያለው መንገድ በጨለማ ጎርበጥባጣ ነው። ወገብ የሚያማቸው ከኋላ ወንበር አይቀመጡ፤ የኋላው ከሁሉ ይበልጥ ይነጥራል።

ክፍያ ሲደርስ በግል ሰው ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ገንዘብ አይላኩ። በኬንያ ያለ ወኪል ከሆነ የኬንያ አስጎብኚ ድርጅቶች ማኅበር አባል መሆኑን ከማኅበሩ ዝርዝር ማረጋገጥ ይቻላል። የስረዛ ደንቡን በጽሑፍ ይቀበሉ።

ወረቀትና ጤና

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለኬንያ ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ግን ከጉዞው በፊት በኢንተርኔት የጉዞ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ከውጭ ለመጡ ወገኖች ከዚህ የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፦ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ለአንድ ጊዜ መግቢያ በተሰጠ ቪዛ ከሆነ፣ ወደ ናይሮቢ ሲወጡ ያልቃል። ለመመለስ ሁለተኛ ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልጋል። ይህን በቦሌ መስኮት ላይ ሳይሆን ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ይመልከቱት።

ከኢትዮጵያ ተነስቶ ኬንያ የሚገባ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ወደ መጨረሻው ሳምንት አይግፉት። አንዴ የተወሰደው ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ካርድዎ ላይ የ10 ዓመት ገደብ ተጽፎ ቢሆንም እንኳ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2016 ተቀይሯል።

ማራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ጀምሮ ከፍ እያለ የሚሄድ አገር ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ስለሚል ወባ አለ፣ ስለዚህ መከላከያ ክኒን መውሰድ እንዳለብዎ ሐኪም ያማክሩ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሕፃን ይዘው ከሄዱ ይህ ምክር ይበልጥ ያስፈልግዎታል። በተጨማሪም ካምፑ ለእንግዶቹ የአየር አምቡላንስ ሽፋን ይኖረው እንደሆነ ይጠይቁ። ከናይሮቢው ዊልሰን አየር ማረፊያ የሚነሳው የአምሬፍ የበራሪ ሐኪሞች አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ1957 ጀምሮ ይሠራል፤ ብዙ ካምፖች ሽፋኑን በዋጋቸው ውስጥ ያካትታሉ፣ ካላካተቱም በጥቂት ገንዘብ ይገዛል።

ሻንጣው

በትንሿ አውሮፕላን የሚፈቀደው የእጅ ቦርሳን ጨምሮ 15 ኪሎ ነው፣ ሻንጣውም ጎማና ጠንካራ ጀርባ የሌለው ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ መሆን አለበት። ዕቃው የሚጫነው በአውሮፕላኗ ሆድ ሥር ባለ ጠባብ ቦታ ስለሆነ ደረቅ ሻንጣ አይገባም። ትልቁን ሻንጣ ናይሮቢ ባደሩበት ሆቴል አስቀምጠው መሄድ ይችላሉ። ካምፑ በየቀኑ ልብስ ስለሚያጥብ ሦስት ቅያሪ ይበቃል። የውስጥ ልብስ ግን ብዙ ካምፖች ባህሉ ስለማይፈቅድ አያጥቡም፤ ለዚያ የሚሆን ሳሙና በድንኳኑ ውስጥ ያኖሩልዎታል።

ቀለሙ አፈር መሳይ፣ ቡናማ ወይም የደበዘዘ አረንጓዴ ይሁን። ጥቁርና ደማቅ ሰማያዊ ቆላ ዝንብን ይስባል። ወታደራዊ ዝንጉርጉር ልብስ በጭራሽ አይያዙ፤ በኬንያ ሲቪል ሰው መልበሱ በሕግ የተከለከለ ነው። ንጋቱ ብርዳም፣ ቀኑ ፀሐያማ ስለሆነ ቀጭን ልብስ በልብስ ላይ ደርበው የሚያወልቁት ይሻላል። ጋቢ መያዝ ያምራል፣ ነገር ግን ከ15 ኪሎው ላይ ብዙ ይወስዳል፤ መኪናው ውስጥ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሰጣሉ።

የኬንያ ሶኬት እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስለሆነ የእኛ ቻርጀር አይገባበትም፣ መቀየሪያ ይያዙ። የእጅ ባትሪ፣ ገመድ ያለው ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ የራስዎን መድኃኒትና የብረት ውሃ መያዣ ይጨምሩ። ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቢሆን ደስ ይላል፤ አንዱን ለአራት ሲቀባበሉት ነብሩ ከዛፉ ወርዶ ይሄዳል። የፕላስቲክ ከረጢት በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ ደግሞ በጥብቅ ቦታዎች ከ2020 ጀምሮ ክልክል ነው። የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስዎንና የገበያ ፌስታልዎን ቤት ይተዉ። ድሮንም እንዲሁ።

መንገዱ

ዓለም አቀፉ በረራ የሚያርፈው በጆሞ ኬንያታ ነው፤ የማራ አውሮፕላኖች የሚነሱት ከዊልሰን ነው። ሁለቱ አንድ ከተማ ውስጥ ቢሆኑም የናይሮቢ ትራፊክ የታወቀ ነው። በዚያው ቀን ለመቀጠል ካሰቡ በመካከሉ ቢያንስ አራት ሰዓት ይተዉ። የሚሻለው ከቀኑ ቀደም ብሎ ገብቶ ናይሮቢ አድሮ በጠዋት መብረር ነው።

ከዊልሰን የምትነሳው አውሮፕላን እንደ ሚኒባስ በየማረፊያው እየቆመች ታወርዳለች፦ ኬኮሮክ፣ ኦል ኪዮምቦ፣ ሙሲያራ፣ ማራ ኖርዝ እያለች። ቅደም ተከተሉ እንደ ዕለቱ ተሳፋሪ ስለሚቀያየር ስንተኛው ማቆሚያ እንደሚወርዱ አስቀድመው ማወቅ አይችሉም። የማረፊያዎን ስም ወረቀት ላይ ይጻፉ፣ አብራሪው ሲጠራም ያዳምጡ። ብዙዎቹ የአፈር መንደርደሪያና አንድ ዳስ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም።

በመኪና መሄድም ይቻላል። በናሮክ በኩል እስከ ሴኬናኒ በር አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ዋጋው ይቀንሳል፣ የስምጥ ሸለቆውም እይታ ያማረ ነው፤ ሕፃን ወይም አረጋዊ ካለ ግን በረራውን ይምረጡ።

የኬንያ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው። ካምፑ የሚሰጥዎት መርሐ ግብር በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሚጻፍ የተጻፈው 6፡00 የእኛ ንጋት 12 ሰዓት መሆኑን ልብ ይበሉ። ስዋሂሊ ተናጋሪም በራሱ ቋንቋ ልክ እንደ እኛ ስለሚቆጥር፣ በቃል የተቀጠረ ቀጠሮ ሲኖር «ጠዋት ነው ወይስ ቀትር?» ብሎ ማረጋገጥ ጥሩ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ

ሲደርሱ የካምፑ ኃላፊ ቁጭ አድርጎ ደንቡን ይነግርዎታል። ይህን ገለጻ ልጆችም ጭምር በትኩረት ይስሙት፤ ካምፑ አጥር የለውም። ዝሆን፣ ጎሽና ጉማሬ በድንኳኖች መካከል ያልፋሉ። ቀን ቀን ምልክት በተደረገበት መንገድ ብቻ ይሄዳሉ፤ ከመሸ በኋላ ግን ያለ ጥበቃ አንድ እርምጃም አይወጡም። እራት ለመሄድ ሲፈልጉ በራዲዮ፣ በፊሽካ ወይም በባትሪ ምልክት ይሰጣሉ፣ ባትሪና ጦር የያዘ የማሳይ ጥበቃ መጥቶ ይወስድዎታል፣ ሲመለሱም በር ድረስ ያደርስዎታል። ድንኳኑ ሃያ ሜትር ላይ ቢሆንም ያው ነው።

ማደሪያው በእንጨት ወለል ላይ የቆመ ወፍራም ሸራ ነው። በውስጡ እውነተኛ አልጋ፣ ከኋላ ደግሞ ሽንት ቤትና መታጠቢያ አለው፤ ስለዚህ ሌሊት የሚያስወጣዎት ነገር የለም። በወጡና በገቡ ቁጥር ዚፑን እስከ ታች ይዝጉ። ጦጣና ዝንጀሮ ክፍት ዚፕ ካገኙ ሻንጣ ይበረብራሉ። ብስኩት፣ ማስቲካ፣ ፍራፍሬ፣ ቆሎም ቢሆን ድንኳን ውስጥ አያስቀምጡ፤ ለካምፑ ሠራተኛ ቢሰጡት በመመገቢያው ድንኳን ይጠበቅልዎታል። ጠዋት ጫማ ከማጥለቅዎ በፊት ገልብጠው ያራግፉት።

የባልዲው ሻወር ለብዙ እንግዳ አዲስ ስለሆነ እንዴት እንደሚሠራ ልግለጸው። ከድንኳኑ ጀርባ ሃያ ሊትር ገደማ የሚይዝ ባልዲ በመዘውር ወደ ላይ ይሰቀላል። ከማታው ጉብኝት ሲመለሱ ለድንኳን አስተናጋጁ «ከሩብ ሰዓት በኋላ» ይሉታል። ሙቁን ውሃ ተሸክሞ ይመጣል፣ ከውጭ ሆኖ ባልዲውን ሞልቶ ይሰቅላል፣ ዝግጁ መሆኑን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይነግርዎታል። ሰንሰለቱን ሲስቡ ውሃው ይወርዳል። ይርጠቡና ይዝጉት፣ ሳሙናውን ሲጨርሱ እንደገና ይክፈቱት። እንዲህ ከተጠቀሙበት ባልዲው ለአንድ ሰው ይተርፋል። ፀጉር የምትታጠብ ሴት ግን ሁለተኛ ባልዲ ቀድማ ትዘዝ፤ በአረፋ መሃል ውሃ ሲያልቅ ሌላው እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል። ሸራው ድምፅ ስለማይከለክል አስተናጋጁ ከውጭ እንደቆመ መነጋገር ይቻላል፣ ከሞቀ ቀዝቃዛ ጨምር ቢሉት ይጨምራል።

መብራቱ የፀሐይ ስለሆነ የፀጉር ማድረቂያና የካውያ ጉዳይ አይታሰብም። ስልክ ቻርጅ የሚደረገው በአንዳንዱ ካምፕ በመመገቢያው ድንኳን ብቻ ነው። እራት ላይ ሳሉ ሠራተኞች አልጋዎ ውስጥ የሙቅ ውሃ ላስቲክ ያስገባሉ፤ እግርዎን ሲዘረጉ የሚነካዎት ለስላሳና ሙቅ ነገር እሱ ነው፣ አይደንግጡ። ለልጆች አስቀድመው ይንገሯቸው።

ሌሊቱ ድምፅ አለው። የአንበሳ ጩኸት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር ድረስ ይሰማል፣ ስለዚህ በር ላይ ያለ ቢመስልም ሩቅ ሊሆን ይችላል። ጅቡን ያውቁታል። ከዛፍ ላይ እንደ በር ሲጢጥ ብሎ ጀምሮ ወደ ጩኸት የሚያድገው ድምፅ ግን ሽኮኮ ነው፤ በዛፍ ላይ የሚኖረው የሽኮኮ ዘር አካሉ ትንሽ፣ ድምፁ ግን ሌሊቱን የሚያናውጥ ነው። በሸራው ጥግ ሣር እየተነጨ ሲታኘክ ከሰሙ ጉማሬ ወይም ጎሽ ነው። ባትሪ አያብሩበት፣ ዚፕ ከፍተው አይዩት፣ ዝም ብለው ይተኙ። ጨርሶ ይሄዳል። በእውነት የሚያሰጋ ነገር ወይም ሕመም ካለ ብቻ ፊሽካውን ወይም ራዲዮውን ይጠቀሙ።

በመኪና ላይ

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ገደማ አስተናጋጁ ቡና ወይም ሻይ ከብስኩት ጋር ይዞ በድንኳኑ በር ይጠራዎታል። 12 ሰዓት ላይ መኪናው ይነሳል። ይህን ሰዓት አያሳልፉት፤ አዳኝ እንስሳት የሚንቀሳቀሱት ፀሐይ ሳትበረታ ነው፣ ከ4 ሰዓት በኋላ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ይተኛል። ቁርሱ ተጭኖ ስለሚሄድ ሜዳ ላይ ዛፍ ሥር ይበላሉ። ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እስኪመሽ ሁለተኛው ጉብኝት ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ለአስጎብኚው የምትፈልጉትን ንገሩት። «አምስቱን ትልልቅ እንስሳት አሳየን» ብሎ ማዘዝ ቀኑን ወደ ሩጫ ይለውጠዋል። አንበሳ፣ ነብር፣ ዝሆን፣ ጎሽና አውራሪስን በአንድ ቀን ለማሟላት ከቦታ ቦታ ስትበሩ ምንም ሳታዩ ትመለሳላችሁ። «አንድ ነገር ካገኘን እንቆይበት» ብትሉት ግን ጥሩ አስጎብኚ ፊቱ ይበራል። የአንበሳ ግልገሎች እናታቸውን ሲያስቸግሩ አንድ ሰዓት ቁጭ ብሎ ማየት ከአሥር ፎቶ ይበልጣል።

አንበሳ አጠገብ ስትቆሙ ሞተሩ ይጠፋል። እንስሳው መኪናውንና እናንተን እንደ አንድ አካል ስለሚያይ ይለምዳችኋል፤ አንድ ሰው ብድግ ሲል ወይም እጁን ወደ ውጭ ሲዘረጋ ግን ያ አካል ይሰበራል፣ አንበሳውም ጆሮውን ያቆማል። ቁጭ ይበሉ፣ በሹክሹክታ ያውሩ፣ የስልኩን ድምፅና ብልጭታ ያጥፉ። ሽንት ከመጣብዎ ሳያፍሩ ለአስጎብኚው ይንገሩት፤ አካባቢውን አይቶ ምቹ ቦታ ያቆምልዎታል።

አቦሸማኔ ላይ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምታድነው በቀን፣ በዓይኗ ነው፤ መኪና ሲከባት አደኗ ይከሽፋል፣ ግልገሎቿም ይራባሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ በማራ የተካሄደ ጥናት፣ ቱሪስት በሚበዛበት አካባቢ ያለች እናት ከአንድ ወሊድ በአማካይ 0.2 ግልገል ብቻ ስታሳድግ፣ ቱሪስት ባነሰበት 2.3 እንደምታሳድግ አሳይቷል። ይህን ልዩነት ያየ ሰው ጥቂት መኪና ያለበትን መሬት ለምን እንደምመክር ይገባዋል። አምስት መኪና ካለ አስጎብኚው ርቆ ተራ እንዲጠብቅ ይፍቀዱለት። እንግዳ «ቅረብ፣ ቅረብ» ሲለው ጉርሻውን ፈርቶ ደንብ የሚጥስ አለና፣ እርስዎ «አያስቸኩልም» ቢሉት ትልቅ ሸክም ያቀሉለታል። በወንዝ መሻገሪያም እንደዚሁ፤ መኪናዎች ወንዙ ዳር ቀድመው ከተደረደሩ መንጋው ይመለሳል።

የእግር ጉዞ ከተፈቀደበት ቦታ አንዴ ይሞክሩት። ረጅም ሱሪና የተሸፈነ ጫማ ይልበሱ፣ መሣሪያ ከያዘው ጠባቂ ኋላ በአንድ መስመር ይሂዱ፣ ሲቆም ይቁሙ። ፋንድያና ዱካ ማንበብ ከመኪና ላይ የማይገኝ ትምህርት ነው።

ወደ ማሳይ መንደር የሚደረግ ጉብኝት ካለ ክፍያው ለማን እንደሚደርስ ይጠይቁ፣ ሰው ከመቅረጽዎ በፊትም ፈቃድ ይለምኑ። በካምፑ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የዚያው መሬት ልጆች ናቸው፤ ማታ እሳት ዳር ስለ ከብትና ስለ ግጦሽ ብትጠይቋቸው ለከብት ካለን ፍቅር የተነሳ ወሬው አያልቅም።

ጾምና ምግብ

ሐምሌ መጨረሻና ነሐሴ መንጋው ማራ ውስጥ ያለበት ጊዜ ነው፤ ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። የሚጾም ሰው ቦታ ሲይዝ ካምፑን በጽሑፍ ያሳውቅ፦ ሥጋ የለም፣ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብና እንቁላል የለም፤ ዓሣ ይበላ አይበላ ራሱ ይወስን። «አትክልት ብቻ እበላለሁ» ማለት አይበቃም፤ በቅቤ የተሠራ አትክልት ይመጣል። ቁርስን እስከ 9 ሰዓት የሚያቆይ ሰው ይህንንም ይንገራቸው፣ ምግቡን ለይተው ያስቀምጡለታል። የኬንያ ማዕድ ለጾም ምቹ ነው፦ ሱኩማ ዊኪ የሚሉት ጎመን፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ቻፓቲና ከበቆሎ ዱቄት የሚሠራው ገንፎ ኡጋሊ በየኩሽናው አለ። ሙስሊም እንግዶችም የሥጋውን አስተራረድ ቀድመው ይጠይቁ፤ አቅርቦቱ ከናይሮቢ የሚመጣ ስለሆነ ሐላል ማዘዝ አይከብድም። የምግብ አለርጂ ካለ ደግሞ በመጀመሪያው መልእክት ይጻፍ፣ ሲደርሱም ለወጥ ቤቱ ኃላፊ በቃል ይደገም።

ለመጠጥ በድንኳንዎ ያለውን የተጣራ ውሃ ብቻ ይጠቀሙ፣ ጥርስዎንም በእሱ ይታጠቡ።

ጉርሻና መልስ

ጉርሻ ግዴታ ባይሆንም የተለመደ ነው። ለአስጎብኚው በቀን ከአንድ እንግዳ ከ10 እስከ 20 ዶላር፣ ለሌሎቹ ሠራተኞች በሙሉ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ወይም ተመሳሳይ ይታሰባል። የአስጎብኚውን በመጨረሻው ቀን በፖስታ በእጁ ይስጡት። የሌሎቹን በመመገቢያው ድንኳን ባለው ሣጥን ይክተቱ፤ ከሳህን አጣቢው እስከ ሌሊት ጠባቂው ይከፋፈሉታል። አሮጌ ወይም የተቀደደ ዶላር ባንክ ስለማይቀበላቸው አዳዲስ ኖት ይያዙ፣ ወይም ሽልንግ ናይሮቢ ይመንዝሩ።

የመውጫው ቀን ጠዋት ሻንጣዎ በመኪናው ላይ ተጭኖ የመጨረሻውን ጉብኝት እያደረጉ ወደ ማረፊያው መሄድ ይቻላል፤ በዋዜማው ማታ ከአስጎብኚው ጋር ይስማሙ። አውሮፕላኗ ብዙ ቦታ ስለምትቆም ዘግይታ ልትደርስ ትችላለች። ከጆሞ ኬንያታ ወደ አዲስ አበባ የሚነሳውን በረራ በዚያው ቀን ካደረጉት የምሽቱን ይያዙ፣ የጠዋቱን ወይም የቀትሩን አይደለም። ከመለያየትዎ በፊት የአስጎብኚውን ሙሉ ስም ጽፈው ይውሰዱ፤ ለካምፑ አስተያየት ሲልኩ በስሙ ቢያመሰግኑት ለሥራ ዕድገቱ ይጠቅመዋል፣ ዘመድ ወደዚያ ሲሄድም እሱን ለይቶ መጠየቅ ይችላል።